የ98ቱን መስመር ግድግዳው ላይ መልሱልን

ይድረስ በድሬዳዋ ቤት ለምትሠሩ፣ ለምታሠሩ፣ ፕላን ለምታወጡና ፈቃድ ለምትሰጡ ሁሉ፤

ሰላም ለእናንተ ይሁን። አንቱታ አላበዛም። ድሬ ያደገ ሰው ሲጽፍም እንደሚያወራው ነው፤ ያከበርኳችሁ በዚሁ አንደበቴ ነውና እንደዚያው ተቀበሉኝ።

የምጽፍላችሁ ስለ አንድ መስመር ነው። አክስቴ ሳሎን ግድግዳ ላይ ለዓመታት የኖረ፣ አሁን ግን የማይታይ መስመር።

ነገሩ የ98ቱ ጎርፍ ነው። ሐምሌ 29 ለ30 አጥቢያ፣ 1998 ዓ.ም.፣ ቅዳሜ ለእሁድ ሌሊት። ከተማውን የሚያቋርጠው የደቻቱ ወንዝ ሰው በተኛበት ሞልቶ መጣ። ከ250 በላይ ሰው ሞተ። ወደ 10 ሺህ የሚጠጋ ሰው ቤት አልባ ሆነ። በዚያው ክረምት፣ ከሳምንት ገደማ በኋላ፣ ደቡብ ኦሞ ዳሰነች ላይም ኦሞ ወንዝ ሞልቶ ከ300 በላይ ሰው ወሰደ። አገሩ ሁሉ ውሃ በውሃ የሆነበት ክረምት ነበር።

ያኔ የስምንተኛ ክፍል ተማሪ ነበርኩ። ቤታችን ሳቢያን ስለነበር ውሃው አልነካንም። ሲነጋ ከአባቴ ጋር በእግር ወደ አክስቴ ቤት ሄድን። መንገዱ ላይ ያየሁትን ሁሉ እዚህ አልጽፈውም፤ ያየ ያውቀዋል። ደርሰን ስናይ አጥሩ የለም። የግቢው የብረት በር ሁለት ቤት አልፎ ታጥፎ ተኝቷል። ሳሎኑ እስከ ጉልበት ጭቃ ነው። አክስቴና ልጆቿ ጣሪያ ላይ ነበሩ። ትልቁ ልጅ ቡፌው ላይ ወጥቶ፣ ኮርኒሱን ቀዶ፣ ቆርቆሮውን በእግሩ ገፍቶ ከፍቶ ነው አንድ በአንድ የጎተታቸው። እስኪነጋ እዚያው ተቀምጠው አደሩ።

ከሦስት ቀን በኋላ ጭቃውን ስንጠርግ ወጥ ቤት ገባሁ። ምጣዱ ላይ የቀረው ደለል ደርቆ፣ ዳር ዳሩ ተነስቶ፣ ልክ እንደ እንጀራ ተላቆ በእጄ ወጣ። አክስቴ አየችውና ፊቷን አዞረች።

ግድግዳው ላይ ደግሞ መስመሩ ቀረ። ከመብራት ማጥፊያው አንድ ስንዝር ከፍ ብሎ፣ ቡናማ፣ በክር የተሰመረ የሚመስል፣ ከክፍል ክፍል የሚዞር። አባቴ ሜትር አምጥቶ ለካው። 1 ሜትር ከ50።

ያ መስመር ሁለት ጊዜ ቀለም ተቀብቶበት ሁለቴም ከሥር ብቅ አለ። በኋላ የልጇ ሠርግ ሲደርስ ጀሶ ተለጥፎበት ጠፋ። አልፈርድባትም። የሐዘኑን ምልክት ፊት ለፊት እያየ በየቀኑ ቡና መጠጣት የሚችል ማን ነው? በየቤቱ እንደዚያው ሆነ። ተቀባ፣ ተለሰነ፣ ሴራሚክ ተለጠፈበት። ከተማው ሙሉ አስታዋሹን በገዛ እጁ ሸፈነ።

አሁን አክስቴ ጓሮ ያለውን ክፍል አከራይታለች። ተከራዮቹ ከሌላ አገር የመጡ ወጣት ባልና ሚስት ናቸው፤ የስድስት ወር ልጅ አላቸው። ፍራሻቸው ወለል ላይ ነው። አንድ ቀን ቡና ላይ የ98ቱ ነገር ተነሳና ልጅቷ «እዚህ ሰፈር ጎርፍ ይመጣል እንዴ?» አለች። ከልቧ ነው የጠየቀችው። ከወንዙ ሁለት መቶ ሜትር በማይሞላ ርቀት ላይ እየኖረች ማንም አልነገራትም። ደግሞ ከየት ታውቃለች? ዓመቱን ሙሉ ማለት ይቻላል ደቻቱ ደረቅ አሸዋ ነው። ሰው በእግሩ ያቋርጠዋል፣ ልጆች ኳስ ይጫወቱበታል፣ ሻጭ ዕቃ ይዘረጋበታል። ወንዝ ነው ብለህ ብትነግረው የሚያምንህ እንግዳ የለም።

ይህን ደብዳቤ ያስጻፈኝ የእሷ ጥያቄ ነው።

የደቻቱን ጠባይ ላላደገበት ሰው ላስረዳ። ድሬ ከባሕር ወለል 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ናት። በስተደቡብ፣ ወደ ደንገጎ የሚያወጡት ጋራዎች ከ2,000 ሜትር በላይ ናቸው። በመሃል ያለው ርቀት አጭር ነው። ጋራው ላይ የጣለው ዶፍ የሚይዘው ደን ስለሌለ ተንደርድሮ ይወርዳል። እኛ ዘንድ ጠብ ሳይል፣ ሰማዩ ጠርቶ ኮከብ እየታየ፣ ወንዙ ሊሞላ ይችላል። ፎገራ ሜዳ ላይ እንደሚሆነው፣ ጣና ዳር ርብና ጉማራ ወንዞች ሞልተው ውሃው ቀስ ብሎ ተኝቶ ሳምንታት እንደሚከርመው አይደለም። የእኛው ድንጋይ፣ ግንድና ደለል ይዞ ይመጣል፣ በሰዓታት ውስጥ ያልፋል። ስለዚህ ፎገራ ላይ ለሚሠራ ቤት የሚበጀው ምክር ለድሬ ሁሉ አይበጅም። የእኛ ቤት መጀመሪያ መግፋቱን መቻል አለበት።

መግፋት ስል ምን ማለቴ እንደሆነ በኩንታል ልንገራችሁ። አራት ሜትር ርዝመት ያለው ተራ የሳሎን ግድግዳ አስቡ። በውጭ በኩል አንድ ሜትር ውሃ ቆመ፣ በውስጥ ደረቅ ነው። ውሃው ምንም ሳይንቀሳቀስ ያንን ግድግዳ በ20 ኩንታል ይገፋዋል። ውሃው እጥፍ ሲሆን፣ ሁለት ሜትር ሲደርስ፣ 40 ሳይሆን 80 ኩንታል ይሆናል። የአክስቴ ቤት መስመር፣ 1 ሜትር ከ50፣ 45 ኩንታል ነው። ይህ ጥርት ላለና ለቆመ ውሃ የወጣ ስሌት ነው። ጭቃ የተቀላቀለበት ከዚያ ይከብዳል። እየሮጠ የሚመጣው ደግሞ ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን ጉልበቱ አራት እጥፍ ይሆናል። ኮለንና ቢም፣ ማለትም የኮንክሪት ምሰሶና አግዳሚ የሌለው፣ ብሎኬት በብሎኬት ላይ ብቻ የተደረደረ ግድግዳ ይህን አይችልም።

ታዲያ የአክስቴ ግድግዳ እንዴት ቆመ? ለዓመታት አልገባኝም ነበር። አጥሩ ወድቋል፣ የጎረቤት ቤት ወድቋል፣ የእሷ ቆሟል። የገባኝ በኋላ ነው። በሯ ቀድሞ ተሰበረ። ውሃው ገብቶ በውስጥም በውጭም እኩል ሆነ፤ ስለዚህ ግድግዳው ከሁለቱም በኩል ተደግፎ ቀረ። አጥሩ ግን በአንድ በኩል ብቻ ተገፍቶ ተገነደሰ። በሩ በመሰበሩ ነው ቤቱ የተረፈው። በሌላው ዓለም ጎርፍ ያለበት ቦታ ላይ ቤት የሚሠሩ መሐንዲሶች ይህንኑ አውቀው ያደርጉታል፤ ከመሠረቱ በላይ፣ ግድግዳው እግር ላይ፣ ውሃ የሚገባበትና የሚወጣበት ቀዳዳ ይተዋሉ። ቤትህ ውስጥ ውሃ እንዲገባ መፍቀድ መጀመሪያ ሲሰሙት ይከብዳል። ምርጫው ግን እርጥብ ቤት ወይም የወደቀ ቤት በሆነበት ቦታ፣ እርጥቡ ይሻላል።

ባለፈው ዓመት አንድ ዘመዴ ወንዙ አጠገብ ቤት ጀመረ። ቁፋሮው ላይ ሄጄ ቆሜ አየሁ። ግንበኛው ጎበዝ ነው፣ ፎርማኑም ጎበዝ ነው፣ ውሃ ልኩ በሚገባ ተይዟል። ወለሉ ከመንገዱ ስንት ከፍ ይላል ብዬ ጠየቅሁ። «ሁለት ደረጃ» አሉኝ። ለምን ሁለት? «እንዲያምር» አለኝ ፎርማኑ። የ98ቱ ውሃ እዚህ ጋ የት ድረስ ነበር ስላቸው ሁለቱም ተያዩ። አንዱ ያኔ ሕፃን ነበር፣ ሌላው ድሬ ከመጣ አምስት ዓመቱ ነው። ሰዎቹ ላይ ጥፋት የለም። የሚጠይቁት ወረቀትም፣ የሚያዩት ምልክትም አልነበረም።

እኔ የምለው ይኼው ነው። ያንን ምልክት መልሱት። የ98ቱ ውሃ የደረሰበትን ከፍታ በየሰፈሩ፣ በየመንገዱ ጥግ፣ በትምህርት ቤቱ አጥር፣ በመስጊዱና በቤተ ክርስቲያኑ ግንብ፣ በቀፊራ ገበያ ምሰሶዎች ላይ ቀለም ቀብታችሁ አሳዩ። ስታንዳርድ ይሁን። አንድ ቀለም፣ አንድ ውፍረት፣ ዓመቱ ተጽፎበት። የሚያስታውሱት ሰዎች አሁንም አሉ፤ ግን ያኔ ሃምሳ ዓመት የነበራቸው ዛሬ ሰባ እያለፉ ነው። ዞራችሁ ጠይቁ፣ ለኩ፣ ካርታ ላይ አስቀምጡት። ከዚያ የቤት ፈቃድ ሲሰጥ አንድ ጥያቄ ይጨመር፤ የቤቱ ወለል ከመስመሩ በላይ ነው ወይስ በታች? በታች ከሆነ ለምን እንደሆነና ግድግዳው እንዴት እንደሚችለው መሐንዲሱ ይጻፍ። አንድ ጥያቄ ነው። ግን ፎርማኑ «እንዲያምር» ከማለቱ በፊት ያስቆመዋል።

«ግንቡ ተሠርቷል እኮ» የሚሉኝ አሉ። እውነት ነው፣ ከጎርፉ በኋላ ደቻቱ ዳርና ዳሩን በግንብ ታጥሯል፤ ላሠሩትም ለሠሩትም ምስጋና ይገባቸዋል። እኔ ራሴ ክረምት ሲመጣ ያንን ግንብ እያየሁ ነው የምተኛው። ግን ሁለት ነገር እንነጋገር። አንደኛ፣ ማንኛውም ግንብ የሚሠራው ለሆነ ልክ ውሃ ነው፤ ከዚያ ልክ የሚበልጥ ውሃ አንድ ቀን ይመጣል። ሁለተኛውና የሚያሳስበኝ፣ ወንዙ በየዓመቱ ደለልና አሸዋ ያወርዳል፣ እኛም ቆሻሻ እንደፋበታለን። ግንቡ አላጠረም፤ የወንዙ ወለል ግን ከፍ እያለ ነው። ዛሬ አሸዋው ላይ ቆማችሁ ግንቡን ለኩት፣ ከአምስት ዓመት በኋላ ድገሙት። አሸዋ የሚዝቁት ልጆች ከመሃል ሲወስዱ ወንዙን ያጸዱታል። ከግንቡ እግር ሥር ሲቆፍሩ ግን ግንቡን ከሥሩ ይነቅሉታል። ይህንን የሚከታተል አንድ ሰው፣ ደመወዝ ያለው፣ በየቀኑ ወንዙን የሚሄድበት፣ ያስፈልጋል።

ግንብ ደግሞ ከውስጥ የሚመጣውንም ውሃ ያግዳል። ሰፈሩ ውስጥ የዘነበው ወደ ወንዙ የሚገባበት ቱቦ በፌስታልና በጫት ገረባ ከተደፈነ፣ ግንቡ ገንዳ ይሆንብናል። በሚያዝያ 2012ም ከተማችን ላይ ጎርፍ መጥቶ ሰው ሞቷል። ግንቡ ከተሠራ በኋላ ማለት ነው። ሚያዝያ ነው፣ ክረምት አይደለም። በልግ ስለሆነ ብሎ የሚዘናጋ ሰው ይህን ያስብ።

አሁን ደግሞ ወደ ቤት ባለቤቶች ዞር ልበል። ሁሉንም ከመንግሥት አንጠብቅም፤ ብዙ ብር የማይጠይቁ ነገሮች አሉ። ቆጣሪውና ሶኬቱ ከመስመሩ በላይ ይውጣ። ውሃ ሶኬት ሲነካ ምን እንደሚሆን መናገር አያስፈልገኝም። የሽንት ቤቱ ጉድጓድ ክዳኑ ይጠበቅ፤ ጎርፍ ሲገባበት ያለው ሁሉ ሳሎን ይመጣል። የቤት ካርታና የልጆች የልደት ወረቀት በፕላስቲክ ታሽጎ ቁም ሳጥኑ አናት ላይ ይቀመጥ። አዲስ ለምትሠሩ፣ መሠረቱ ከላላው አፈር አልፎ ጠንካራው ላይ ይረፍ። ድሬ አሸዋማ ናት፤ ሩጫ ያለው ውሃ የቤት ጥግ ላይ ሲደርስ ይሽከረከርና ከሥር ይቦረቡራል። ወንዙ በሚመጣበት በኩል ያለውን ጥግ በድንጋይ ወይም በጋቢዮን (በሽቦ ቅርጫት በታሰረ ድንጋይ) ማልበስ የአንድ ቤት ሴራሚክ ዋጋ አይፈጅም።

አንድ ነገር ግን ለብቻው ልበለው። የመስኮት ፍርግርግ። ሌባ ፈርተን ቤታችንን በብረት አጥረናል፤ መስኮቱ ሁሉ የተበየደ ነው። ሌሊት ውሃ በሩን ከውጭ ሲገፋው፣ ወደ ውጭ የሚከፈት በር ከሆነ አይከፈትም። ወገብ የደረሰ ውሃ ስትገፋ ሁለት ሰው ሆነህም አትችለውም። መስኮቱ ደግሞ ብረት ነው። የአክስቴ ልጅ ኮርኒስ ቀዶ የወጣው ሌላ መውጫ ስለሌለው ነው። የቤቱ ጣሪያ ሶሌታ፣ የኮንክሪት ቢሆን ኖሮስ? እባካችሁ፣ በየቤቱ ቢያንስ አንድ ፍርግርግ ከውስጥ የሚከፈት ይሁን፤ ቁልፉም እዚያው ምስማር ላይ ይንጠልጠል፣ ልጆቹም ይወቁት። የዕቃ መሸጫ ሱቅ ውስጥ የሚያድሩ ልጆችንም አስቡ። ከውጭ ቆልፎባቸው የሚሄድ ባለሱቅ አለ። ይህን አታድርጉ።

ውጭ ላላችሁ የድሬ ልጆችም አንድ ቃል። ለእናት ለአባት ቤት የምታሠሩ ብዙ ናችሁ፣ እግዚአብሔር ይስጣችሁ፣ አላህ ይጨምርላችሁ። ፎቶ ሲላክላችሁ መጀመሪያ የምታዩት የወጥ ቤቱን ካቢኔና የበሩን ቀለም ነው፣ እኔም ብሆን ያንኑ ነው የማየው። ቀጣዩን ብር ከመላካችሁ በፊት አንድ ፎቶ ጨምራችሁ ጠይቁ። ሜትር በግድግዳው ላይ ቆሞ፣ ወለሉ ከመንገዱ ስንት ከፍ እንዳለ የሚያሳይ። ከዚያ ሰፈሩን የሚያውቅ ሽማግሌ ጋ ደውሉና የ98ቱ ውሃ የት ነበር በሉ። እናት ሰማንያ ዓመቷ ነው፤ ኮርኒስ ቀዳ አትወጣም።

አፍርሱ አላልኩም። ይህ በደንብ ይሰማልኝ። ወንዙ ዳር ያለው ሰው እዚያ የሆነው ጎርፍ ወዶ አይደለም። ኪራዩ ርካሽ ስለሆነ፣ ገበያው ስለሚቀርበው፣ ቀን ሠርቶ ማታ በእግሩ ስለሚገባ ነው። ከ98 በኋላ አዲስ ቤት ተሰጥቷቸው የተነሱ አሉ፤ ያ ትክክል ነበር። አሁንም የሚነሳ ካለ፣ ሥራው ካለበት ሳይርቅ፣ ቤቱ አስቀድሞ ተሠርቶ ይነሳ። የሚነሳበት መሬት ደግሞ ባዶ አይተው። ባዶ መሬት ድሬ ላይ ስንት ቀን ባዶ ይሆናል? ኳስ ሜዳ ይሁን፣ ችግኝ ይተከልበት፣ የቁም ከብት ገበያ ይሁን። ጎርፍ ቢያልፍበት የማይጎዳ ሥራ ይሰጠው። ሥራ ያለው መሬት ላይ ቤት የሚቀልስ ሰው አታገኙም። ለሚቆዩት ደግሞ ሲሚንቶና ብረት በብድርም በእርዳታም አግዟቸው፤ አንድ ከፍ ያለ ክፍል፣ ጎረቤት ሁሉ በአንድነት የሚወጣበት አንድ ሶሌታ በየብሎኩ ቢኖር እንኳ ብዙ ነው።

ስለ ጋራው እጨርሳለሁ። ዝናቡ የሚዘንብበት መሬት ሁሉ የእኛ አስተዳደር አይደለም፣ ወደ ላይ ኦሮሚያ ነው፣ ገበሬውም የራሱ ኑሮ አለው። እርከን የሚሠራው ለእኛ ብሎ ሳይሆን አፈሩ እንዳይሄድበት ነው። ስለዚህ ይህንን ነገር አብረን እንሥራው፣ ወጪውንም እንካፈል። ጎርፉ ድሬ ሲደርስ የወሰደው አፈር የእሱ ነው፣ የወሰደው ሰው የእኛ። ከላይ ያለ አንድ ሰው ጅረቱ ሲሞላ ቢደውልልን፣ እዚህ ደግሞ ስልኩን የሚያነሳና ሳይረን የሚነፋ ሌሊት ነቅቶ የሚያድር ሰው ቢኖር፣ ጥቂት ደቂቃም ቢሆን ልጅ አንስቶ ደረጃ ለመውጣት ይበቃል። መሣሪያ ካለ ይሠራ፣ ባትሪው ይታይ። በዓመት አንድ ቀን፣ ሐምሌ 29 ማታ፣ ሳይረኑ ይነፋና ሰው ሁሉ ወጥቶ መሸሻውን ይለማመድ።

አክስቴን መስመሩን መልሰን ብናሰምረው ምን ትያለሽ አልኳት። ብዙ ዝም አለች። «ሳሎን አይሁን» አለች በመጨረሻ። «በሩ ጎን፣ በውጭ በኩል አድርጉት። ልጅቷም እንድታየው።» ተከራይዋን ማለቷ ነው። ፍራሹንም አልጋ ላይ አውጥተናል፤ ሰፈር ውስጥ ትርፍ አልጋ ያለው ሰው ተገኘ።

የበልጉ ዝናብ ሳይጀምር፣ አንድ ቅዳሜ ጠዋት፣ የአባቴን ሜትር ይዤ እሄዳለሁ። ቀለሙ ሰማያዊ ነው። 1 ሜትር ከ50 ላይ፣ «ሐምሌ 30 ቀን 1998» ብለን እንጽፋለን። ከእናንተ መሃል ከፍታውን የሚያስታውስ፣ ቤቱም ላይ ሊያሰምር የሚፈልግ ካለ ይምጣ፣ ቀለሙ ይበቃናል። ከተማው የራሱን ቀለም ሲመርጥ የእኛን እንደገና እንቀባዋለን።

አክባሪያችሁ፣
የድሬ ልጅ